የአየርላንዳዊው መርዶ

ወንድሜ መሞቱን የነገሩኝ አንድ አየርላንዳዊ ሽማግሌ ናቸው። አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የአጥሬ በር ላይ ቆመው ነገሩኝ። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ዛሬም እጁን አፉ ላይ ይጭናል። መርዶ እንዲህ ይነገራል? ለብቻዋ ላለች ሴት፣ በቁሟ፣ ከሥራ ስትመለስ፣ ቁልፏን እንኳ ከቦርሳዋ ሳታወጣ?

እኔ ግን ብዙ አስቤበት የትኛው እንደሚሻል እስካሁን አልለየሁም። የእሳቸውንም መርዶ የእኛንም መርዶ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀምሻለሁ። ሁለቱም አይረቡም።

አየርላንዳዊ ስል እንደ እኔ ሻንጣ ይዘው የመጡ እንዳይመስላችሁ። የተወለዱት እዚሁ ሜልቦርን፣ ያራቪል ወደቡ አጠገብ ነው። እናታቸውም አያታቸውም እዚሁ ነው የተወለዱት። አየርላንድን አንድ ጊዜ ብቻ ሄደው አይተዋታል፤ እንዴት ነበር ሲባሉ "ዝናብ" ብለው ይተዉታል። ግን የምን አገር ሰው ነዎት ብሎ የጠየቀ ሁሉ የሚያገኘው መልስ ያው "አየርላንዳዊ" ነው። አሁን በምንኖርበት በሴንት አልባንስ ሰፈር የእሳቸውን ቤትና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ የእንጨት አጥር ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ኩዊንስላንድ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ምን ማለት ነው ብለው ሲጠይቁኝ "ለሚከበር ታላቅ የሚባል ነው" አልኳቸው፤ ከዚያ ወዲያ ፖስታ አመላላሹን ሳይቀር ጋሼ በሉኝ ማለት ጀመሩ።

ወንድሜ መምህር ነበር። አገር ቤት ከእናታችን ጋር ነበር የሚኖረው። አንድ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ሌላው በሆዱ የያዘውን ተናገረ፤ በሳምንቱ ከሚያስተምርበት ክፍል ወሰዱት። ይህን በስልክ በሰማሁ ቀን መኪናዬን ቤቴ ደጃፍ አቁሜ መውረድ አቃተኝ። ጋሼ የቆሻሻ ገንዳዬን ሊያስገቡልኝ ሲመጡ አዩኝና መስኮቱን አንኳኩ።

"ማን ነው የሞተው?" አሉኝ። ዙሪያ ጥምጥም አያውቁም።

"የሞተ የለም። ወንድሜን አሰሩት።"

"ሰርቆ?"

"ተናግሮ።"

"እህ" አሉና የእኔው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። "እንግዲያው ውረጂ። ይህን ነገር የእኛ ቤት ያውቀዋል።"

የቅድመ አያታቸውን ታሪክ ያን ቀን ነው የነገሩኝ። ሰውየው ወጣት ሳለ አየርላንድን ከእንግሊዝ ነጻ እናወጣለን ብለው በምስጢር ከተማማሉት አንዱ ነበር። አመጹ ሳይያያዝ ከሸፈ። ተያዙ፣ ተፈረደባቸው፣ ከሌባውና ከነፍሰ ገዳዩ ጋር በአንድ መርከብ ታጭቀው ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ተጋዙ። ግዞት የሚለውን ቃል እኔ የማውቀው ከታሪክ ትምህርት ነው፤ ያስቸገሩ መኳንንት ወደ ቆላ የሚሰደዱበት። ሰው ከአንዱ የዓለም ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ እንደሚጋዝ፣ ያውም እኔ ስደት ብዬ በደስታ ወደመጣሁበት አገር፣ አስቤው አላውቅም ነበር። እስረኞቹ እዚያ ድንጋይ ፈለጡ፣ መንገድ ሠሩ። ከዓመታት በኋላ በየአገሩ ሰው ሲጮህላቸው ቀስ በቀስ ምህረት ተደረገላቸው። ቅድመ አያታቸው ተፈቶ ወደ ሜልቦርን መጣና ወደቡ ላይ ጫኝና አውራጅ ሆነ።

"ወደ አገሩ አልተመለሰም?"

"አልተመለሰም። እናቱን ላስመጣ ብሎ ያራቪል ውስጥ ክፍል አሰናዳ። አልጋ አስገባ፣ መጋረጃ ሰቀለ። እናቱ ግን እሱ ገና ድንጋይ ሲፈልጥ ነው የሞተችው።"

ጓደኞቹ ያውቁ ኖሯል። ወሬው ከአገር ደርሷቸው፣ እስር ላይ ተስፋ እንዳይቆርጥ ብለው ደበቁት። ከተፈታም በኋላ ማን ይንገረው እየተባባሉ ዝም አሉ። መጋረጃውን አብረውት እየሰቀሉ ዝም አሉ። በመጨረሻ አንዱ በክርስትና ድግስ ላይ ሰክሮ አፈረጠው። ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረውት በሰንሰለት የታሰሩትን እነዚያን ጓደኞቹን እስኪሞት አላናገራቸውም። ልጆቹንም አስማላቸው። በዚህ ቤት የሰው ሞት የሰማ በዚያው ቀን ይናገራል፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ሳይቀመጥና ሳያስቀምጥ።

"ነጻነቱስ?" አልኩ። ወሬ ለማስቀየር ነው እንጂ ስለ አየርላንድ ነጻነት ያን ሰዓት ምን ገዶኝ።

"እሱ ከሞተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጣ። ያውም ሙሉው አይደለም፣ ሰሜኑ ከእንግሊዝ ጋር ቀረ። አያቴ በሰማች ቀን ከሥራዋ ተነስታ ወደ መቃብሩ ሄደች። መሓላ ነዋ። እዚያ ቆማ 'አባዬ፣ ግማሹን አግኝተናል' አለችው።"

ሳቅኩ። ወንድሜ በታሰረ ሰሞን መሳቄ ለራሴም ገረመኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ከዚያ በኋላ የወንድሜን ነገር የራሳቸው አደረጉት። "ያኔ የተፈቱት ሰው ስለጮኸ ነው፤ እኛም እንጮሃለን" አሉ። ለአካባቢያችን የፓርላማ አባል ቢሮ ተመላልሰው አመለከቱ። እኔ ትሩጋኒና በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው፤ ስልካችንን ሎከር ውስጥ ቆልፈን ነው የምንገባው፣ ስለዚህ መልስ ቢመጣ በእሳቸው ስልክ እንዲደወል ተስማማን። ሚዜ ከሆነበት የሠርግ ፎቶ ላይ ሙሽሮቹን ቆርጠን የወንድሜን ፊት ብቻ አስጎላነው። እሳቸው ደግሞ ከተሸጠ ቤት አጥር ላይ የነቀሉትን "የሚሸጥ ቤት" ሰሌዳ ጀርባውን ቀብተው ፎቶውን ለጠፉበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ይዘነው መቆም ጀመርን።

ማንም ልብ ያለን የለም። ሠራተኛው ይሮጣል፣ ተማሪው ስልኩን ያያል። አንዲት ሴትዮ ወንድሜን አየት አድርጋ "ይቅርታ፣ እኔ በፖስታ መርጬ ጨርሻለሁ" ብላ አለፈች፤ ለምርጫ የሚወዳደር መስሏት ነው። ጋሼ "ግድ የለም፣ ሌላ ጊዜ ምረጪው" አሏት። እንዲህ እየተሳሳቅን ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። በበጋው ሙቀት ቆምን። እኔ በሦስተኛው ወር ላይ ተስፋዬ አልቆ ነበር። የምቆመው ሽማግሌው ብቻቸውን እንዳይቆሙ ብዬ ነበር። እሳቸውም በኋላ እንደነገሩኝ የሚቆሙት እኔ ብቻዬን እንዳልቆም ነበር።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሰሞን የሰፈራችን ሐበሻ ጠባይ ተለወጠብኝ። ጣቢያው ጋ ሲያልፉ "አይዞሽ፣ ይፈታል" ይሉኝ የነበሩት ሰላምታ ብቻ ሰጥተው ይፈጥናሉ። የእድራችን እናት የሆኑት እትዬ፣ እኔ ስመጣ እጄን ይዘው የተቀበሉኝና ሥራ ያፈላለጉልኝ ሴት፣ በየሦስት ቀኑ ወጥ መላክ ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰው ቦታ ይለቅልኛል። እኔ ሞኟ፣ በመጨረሻ ትግላችን ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ። ይህን ለጋሼ በኩራት አወራኋቸው።

ያቺ አርብ የመጣችው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። መኪናዬን አቁሜ ስወርድ በአጥሬ በር ላይ ቆመዋል። ባርኔጣቸው በእጃቸው ነው። ታሪኩን አውቀዋለሁ፣ መሓላውንም አውቀዋለሁ፤ ባርኔጣው ሲወልቅ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ግን አእምሮዬ እንቢ አለኝ፤ ልጃቸው የሞተባቸው መሰለኝ።

"ወንድምሽ ሞቷል" አሉኝ። "ባለፈው ወር ነው፣ እስር ቤት ውስጥ። በህመም ነው ተብሏል። ከቢሮው አሁን ደወሉልኝ።"

ስወድቅ ሊይዙኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዳሌያቸው በብረት የተተካ ሽማግሌ ማንን ይይዛሉ? ሁለታችንም ሳሩ ላይ ወረድን። እኔ እጮሃለሁ፣ ደረቴን እደቃለሁ፤ እሳቸው ክንዴን ይዘው "እዚህ ነኝ" ይላሉ። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ "ደህና ናችሁ?" አለን። ጋሼ "አይደለንም" አሉት። ሰውየው ውሻውን ጎትቶ ሄደ።

ጩኸቴ ጋብ ሲል መነሳት እንዳቃታቸው አየሁ። ወንድሟ የሞተባት እኔ፣ በብብታቸው ገብቼ ጎትቼ አቆምኳቸው። ሱሪያቸውን ከሳር አራገፍኩላቸው።

ቤት እንደገባሁ ለእትዬ ደወልኩ። "ወንድሜ ሞተ" ስላቸው "ወይኔ" አላሉም። "ማነው የነገረሽ?" አሉኝ። ያኔ ሁሉም ገባኝ።

"ያውቁ ነበር?"

"ልጄ፣ ቁጭ ብለሽ ነው? ማን አለ አጠገብሽ?"

"ያውቁ ነበር ወይ አልኩ እኮ!"

"ፋሲካ ደረሰብን። በዓል ሳያልፍ ማን ያረዳል? ከዚያ የኔ የጉልበት ሰርጀሪ መጣ፤ ያለ እኔ እንዳትሄዱ ያልኩ እኔው ነኝ። የፊታችን እሁድ ጠዋት ነበር ቀጠሮው። ሰዉ ሁሉ ሺፍቱን ቀይሮ፣ ኦፍ ጠይቆ ጨርሷል።"

"ፎቶውን ይዤ ስቆም እያያችሁኝ?"

"እኔስ አላየሁሽም፤ በዚያ በኩል ማለፍ ትቼ ነበር። አንጀቴ አልቻለም" አሉ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። በዕድሜዬ ትልቅ ሰው ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም ነበር።

እሁድ ጠዋት መጡ። መኪናው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ነግሬያቸው የለ፣ ሰምቻለሁ ብያቸው የለ፣ እነሱ ግን ምንም እንዳልሰማሁ ሆነው ሥርዓቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በግራና በቀኝ ያዙኝ። ወንዶቹ ዕቃዬን ወደ ጓዳ አስገብተው ወንበር ደረደሩ። ካህኑ የወንድሜን የክርስትና ስም ጠርተው አረፈ አሉ። በቁጣ ልቀመጥ ነበር ያሰብኩት። የክርስትና ስሙን ስሰማ ግን ፈነዳሁ፤ አርብ ካለቀስኩት የባሰ አለቀስኩ። ስወድቅ የያዘኝ እጅ ብዛት፣ መሬቱ እንኳ አልነካኝም።

ጋሼ ለቅሶውን በአጥር ሰምተው ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። እትዬ ክራንቻቸውን ተደግፈው ፊት ለፊታቸው ያፈጡባቸው ነበር፤ በኋላ አላስቻላቸውም።

"እስቲ ጠይቂልኝ" አሉኝ። "ብቻዋን ነግረዋት፣ በድንጋጤ ብትሞትስ ኖሮ?"

በራሴ ለቅሶ ላይ አስተርጓሚ እኔው ሆንኩ። ጋሼ ጥያቄውን ሰምተው ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔ መለሱ።

"በማግስቱ የወንድምሽን ፎቶ ይዘሽ ጣቢያ ልትቆሚ ነበር። እያወቅኩ አጠገብሽ ልቁም?"

ተረጎምኩት። እትዬ እጃቸውን አገላብጠው ሲያዩ ቆዩና "ይብሉ እንደሆነ ጠይቂያቸው" አሉ። ሰሃን ቀረበላቸው። በሉ።

ልቤ ግን ያን ቀን ከጋሼ ጋር ነበር። ስለዚህ ሰዉ ሳይበተን ስልኬን አነሳሁ። ቀሪዋ እናቴ ናት፤ እሷም አልሰማችም። እንደ እኔ ስትታለል አትውልም፣ ዛሬውኑ እነግራታለሁ አልኩ። ቀድሞ ያነሳልኝ አብሯት የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ሬሳውን ተቀብሎ የቀበረው እሱ ነው። የቀበረው ሌላ ከተማ፣ እናታችን የምታውቀው ሰው በሌለበት ደብር ነው።

"በስልክ?" አለኝ። "የደም ግፊቷ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዶክተሩ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሏል። ስልኩ እጇ ላይ እንዳለ ትሄድብናለች። አንቺ ስትመጪ፣ እቅፍ አድርገሻት ይነገራት። አንቺን ካየች ትጽናናለች። እስከዚያ ማንም እንዳይተነፍስ ጎረቤቱን ሁሉ አስምያለሁ።"

"መቼ ልምጣ?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ጣቢያው ጋ የቆምንበት ፎቶ እዚያም ደርሷል። ከወንድሜ መታሰር በኋላ ቤቱ ድረስ መጥተው ስለ እኔ የጠየቁ ሰዎች ነበሩ፤ ሜልቦርን ያለችው እህቱ ማን ትባላለች፣ መቼ ትመጣለች ብለው። "አሁን ከአውሮፕላኑ ስትወርጂ ይወስዱሻል። ያንን ደግሞ ማን ለእሷ ይነግራታል?" አለኝ።

ስልኩን አስቀመጥኩ። እኔ ካልሄድኩ አይነገራትም፤ እኔ ደግሞ መሄድ አልችልም። ለዚህ ነገር መውጫ ፈልጌ እስከዛሬ አላገኘሁም። የጠየቅኳቸው ሁሉ "እግዚአብሔር ያውቃል" ይሉኛል፤ ያውቃል እንግዲህ።

ለጋሼ ይህን የነገርኳቸው ሰንብቶ ነው። እናትሽ እንዴት ተቀበለችው ብለው ሲጠይቁኝ መዋሸት አልቻልኩም። አስረዳኋቸው፤ ደሟን፣ ዶክተሩን፣ የሚጠብቁኝን ሰዎች። አጥሩን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ፊታቸው ላይ የነበረው ግን ቁጣ አልነበረም፣ ድካም ነው።

"ቅድመ አያቴን ያስቆጣው መዘግየቱ ብቻ አልነበረም" አሉኝ። "የሚደብቁት የሚወዱት ሰዎች መሆናቸው ነው። ጠላት ቢሆን ኖሮ ይቀለው ነበር ትል ነበር አያቴ።"

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

"አላውቅም" አሉ። "እኛ ቤት ያለው አንድ መሓላ ብቻ ነው፤ ለዚህ አይሆንም።" ባርኔጣቸውን ደፍተው ገቡ። ገንዳዬን ዛሬም ያስገቡልኛል። ደረጃዬ ላይ ግን መጥተው አይቀመጡም፤ ሰሌዳውንም ከፎቶው ጋር ጋራዣቸው ውስጥ አስገብተውታል። አንዳንዴ አጥሩ ላይ ስንገናኝ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ነገርሻት?" ይላሉ። ራሴን ግራና ቀኝ እነቀንቃለሁ። ይሄዳሉ።

እናቴ እሁድ እሁድ ትደውልልኛለች። አገር ቤት እስረኛን የሚቀልበው ቤተሰቡ ነው፤ እሷም ወንድሜ ከታሰረ ጀምሮ በየሳምንቱ ስንቅ ትሠራለታለች። እሷን ዳገቱ ስለሚከብዳት የሚያደርሰው የአክስቴ ልጅ ነው። እርም አላወጣችምና ዛሬም ትሠራለች። እሱም ምሳ ዕቃውን ተቀብሏት ይወጣል፤ እስር ቤቱ በር ላይ ጠያቂ ለሌላቸው እስረኞች ያስገባላቸዋል፤ ባዶውን አጥቦ ይመልስላታል።

ባለፈው እሁድ ስትደውል ድምጿ ከወትሮው ፈካ ብሎ ነበር።

"ተመስገን፣ ምግብ እሺ ብሎታል" አለችኝ። "ድሮ እኮ ግማሹ ነበር የሚመለስልኝ። አሁን ምሳ ዕቃው ባዶውን ነው የሚመጣው፣ ጠርጎ ነው የሚበላው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።"

"ደግ ነው፣ እማዬ።"

"አነሰው ይሆን እንዴ? ምን ይመስልሻል፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ልጨምርለት?"

"ጨምሪለት" አልኳት።